የእታገኘሁ ግራ ክንድ

የአሰላ ሰው እታገኘሁን ሲያነሳ ይስቃል። «ለውበት ብላ አንድ ክንዷን ያስቀደደችው ሴትዮ» ይላታል፤ ከዚያ ሻዩን ፉት ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። ይህን ሳቅ አምስት ዓመት ሙሉ ስሰማ ኖሬአለሁ። አሁን ግን በቃኝ። ነገሩን ከሥሩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጥፋት ከተባለም የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው፤ ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ።

እታገኘሁ የሁሩታ ልጅ ናት። ቅድመ አያቶቿ ከሸዋ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። በአሥራ አምስት ዓመቷ ዳሯት፤ ሠላሳ ሲሞላት ባሏ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ አባረራት፤ ወንድሟ ደግሞ «ቤቴ ቤትሽ ነው» ብሎ ወሰዳትና የሚስቱ ገረድ አደረጋት። ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ሌላው በልቶ ሲነሳ የተረፈውን ትበላለች። አንድ ዓመት ቻለችው። ከዚያ ልብሷን በነጠላ ጠቅልላ አሰላ መጣችና ከወይዘሮ አባይነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሹሩባ መሥራት ጀመረች። ለአንድ ራስ ስሙኒ፣ ለሙሽራ አንድ ብር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዴራ እስከ ጎበሳ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ የእሷን እጅ የሚፈልግ ሆነ። የቤት ኪራይዋን በጊዜው ትከፍላለች፤ ማንንም «ስጡኝ» አትልም። በሕይወቷ ሙሉ የራሷ የሆነ ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

እኔ ወይንሸት እባላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ። በ1948 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ ከእሷ ክፍል አጠገብ ያለውን ክፍል ተከራየሁ። እታገኘሁ ያን ጊዜ ሰፊ፣ ደልዳላ ሴት ነበረች፤ ክንዷ ብቻውን የእኔን ጭን ያህላል። የአሰላ ሰው ያኔ አልሳቀባትም። «የደላት» ነበር የሚላት።

በዚያው ዓመት ክረምት ተስቦ ያዛት። ሁለት ወር ተኛች። ተስቦው ሲለቃት ደግሞ ሆዷ እምቢ አለ፤ እስከ ጥር ድረስ ከቀጭን ሙቅ በቀር የሚረጋላት ነገር አልነበረም። ከአልጋዋ ስትነሳ ግማሽ ሰውነቷ የለም። ፊቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ ጉልበቷም ተመለሰ፤ የሁለቱም ክንዶቿ ቆዳ ግን አልሰበሰብ አለ። ከብብቷ እስከ ክርኗ ባዶ ስልቻ መስሎ ተንጠለጠለ።

ሹሩባ ሲሠራ ያላየ ሰው «ታዲያ ቢንጠለጠልስ ምን ይሆናል?» ይል ይሆናል። ደንበኛዋ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ እታገኘሁ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ሆና፣ ክርኗን ወደ ጎን ዘርግታ ሁለት ሦስት ሰዓት ትሠራለች። ቆዳው በደንበኛዋ ጆሮና ጉንጭ ላይ ያርፋል፤ ልጃገረዶቹ እየተሸማቀቁ ይሳሳቃሉ። ይህስ ይሁን። ከፀጉር የሚወርደው ቅቤና የራሷ ላብ እጥፋቱ ውስጥ እየገባ ቆዳውን ላጠው፤ ቆሰለ፤ ሸተተ። በጨው ውሃ ታጥበዋለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ሁለት ቀን ስታርፍ ይደርቃል፤ ሥራ ስትጀምር ይፈነዳል። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሹሩባ ሠሪ ሄዱ። እኔ ራሴ ስትሠራኝ ትንፋሼን ይዤ አንገቴን ወደ ፊት አሸሽ ነበር። ይገባታል፤ ክንዷን ወደ ራሷ ሰብሰብ አድርጋ «ይቅርታ» ብቻ ትለኛለች። ክንዷ ካልዳነ የቀራት መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ሁሩታ፣ ወደ ወንድሟ ሚስት ወፍጮ።

ያን ጊዜ በከተማው ላይኛው በኩል ከጣሊያን የቀረ አንድ መጋዘን ሐኪም ቤት ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ተዘግቷል። አሥራ ሁለት አልጋ፣ አንድ ፈረንጅ ዶክተር፣ የሺሃረግ የምትባል አንዲት ነርስ፣ አንድ መዝገብ ቤት፣ አንድ ዘበኛ። ዶክተሩ በኦፕራሲዮን ቆዳ ቆርጦ መስፋት ይችላል ተባለ። እታገኘሁ ሰማችና «እሄዳለሁ» አለች።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ያለውን ለብሶ ነው፤ ከሌለው ተውሶ። ዳኛ ፊት ቢሆን፣ ሐኪም ፊት ቢሆን ያው ነው፤ አክብሮት ነው፤ ማንም ቆሻሻውን ይዞ ደጃቸው አይቆምም። ወይዘሮ አባይነሽ የወርቅ ጉትቻቸውንና አዲሱን ነጠላቸውን አዋሷት። ጉትቻውን በጆሮዋ ላይ ያደረግሁላት እኔ ነኝ፤ ዓይኗን የኳልኳት እኔ ነኝ፤ ጫማዬንም ሰጠኋት። «ጎሽ፣ አሁን እንደ ሰው ያዩሻል» ብዬ ሸኘኋት።

በመዝገብ ቤቱ መስኮት የተቀመጠው አቶ ግዛቸው ነበር። እዚህ ላይ አንዴ አቶ ያልኩት ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ያሳደጉኝን ላለማሳፈር ነው። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ አሰላን እንደ እስር ቤት የሚቆጥር ሰው ነው። እታገኘሁ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ያየው ክንዷን አልነበረም፤ ጆሮዋን ነው።

«ምንሽን ነው?» አላት።

«ክንዴን ነው ጌታዬ። ቆዳው…» ገለጥ አድርጋ ልታሳየው ስትል እጁን አወናጨፈ።

«ይሸፈን! ይሸፈን! ቆዳሽን ማሳጠር ነው የፈለግሽው?»

«አዎ ጌታዬ።»

በዚህች ቃል ተፈረደባት። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ጣቱን አስኬደና መዝገቡ ላይ «ለውበት» ብሎ ጻፈ። ለአንድ ክንድ ስድሳ ብር፣ ለሁለቱ መቶ ሃያ። ለሕመም የመጣ ሰው የሁለት ብር ካርድ አውጥቶ ይታከማል፤ ለውበት የመጣ ግን እንደዚህ ይከፍላል። ዶክተሩን እንኳ አላየችውም፤ ከመስኮቱ ተመለሰች። የእኔ የወር ደመወዝ እንኳ መቶ ሃያ አይሞላም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይተወው ነበር። እታገኘሁ ግን መጠየቅ ያዘች። የሰው ራስ ሁለት ሰዓት በእጇ ይዛ የማታወጣው ወሬ የለም። የቀሯትን ደንበኞች ሁሉ «በእናንተ በኩል እንዲህ ያለው ኦፕራሲዮን ስንት ነው?» እያለች ጠየቀች። ፊደል አልቆጠረችምና የሰማችውን ዋጋ ሁሉ በክር ቋጠረችው፤ ለየአገሩ አንድ ክር፣ ለአሥር ብር አንድ ቋጠሮ። አዲስ አበባ ኖራ የመጣች የዳኛ ሚስት ሁለቱ ክንድ ከነአልጋው ሦስት መቶ ብር ነው አለቻት። የአውቶቡስ ሹፌር ሚስት ደግሞ ናዝሬት ለአንድ ክንድ ሰማንያ ብር መስማቷን ነገረቻት። ይህ እታገኘሁን አላስገረማትም። አዲስ አበባ ኪራዩም ሽሮውም ውድ ነው፤ ሐኪሙ ብቻ ለምን ይረክሳል? ያንገበገባት የዚሁ የአሰላው ነው።

ወለተ ማርያም የምትባል የጎበሳ ሴት ለልጇ ሠርግ ሹሩባ ልትሠራ መጥታ ነበር። ክንዷን የእሳት ጠባሳ ቆልምሞባት ኖሮ፣ ይኸው የእኛ ዶክተር እዚያው መጋዘን ውስጥ ቆዳውን ቆርጦ ሰፍቶላታል።

«ስንት ከፈልሽ?» አለቻት እታገኘሁ።

«የካርድ ሁለት ብር። በበቅሎ መጥቼ፣ ዝናብ ደብድቦኝ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ። ጸሐፊው ሲያየኝ አፍንጫውን ያዘና ‹ግቢ፣ ግቢ› አለኝ።»

የእሷ ክር ቋጠሮ አልነበረውም።

ከዴራ ቅቤ የሚያመጣላት ቶላ ደግሞ ክንዱ ላይ የነበረውን እባጭ ያስወጣው እዚያው ነው። «ሠላሳ ብርና አንድ ሙክት፣ ያ እታገኘሁ!» አላት በኦሮምኛ አጠራሩ። «ለአስተርጓሚ ነው አሉኝ። እኔ አማርኛ እናገራለሁ። ዶክተሩ ነው አማርኛ የማያውቀው። ታዲያ አስተርጓሚው ለኔ ነው ለሱ? ረቢ ያሳያቸው!» አስተርጓሚ የተባለውም ዘበኛው ነበር፤ ያን ዕለት ከዶክተሩ ጋር አንድ ቃል ሲነጋገር ቶላ አላየም።

አምስቱ ክሮች በሯ ላይ ካለው ምስማር ላይ ተንጠለጠሉ። እታገኘሁ የጎበሳውን፣ የዴራውንና የራሷን ለይታ በመዳፏ ላይ አስተኛቻቸው።

«ሐኪሙ አንድ፣ ቢላዋው አንድ፣ ቤቱ አንድ» አለችኝ። «የእኛ ክር ለምን ተለያየ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ዋጋው የወጣው ለክንድ አልነበረም። ለወለተ ማርያም ጭቃ፣ ለቶላ ኦሮሞነት፣ ለወይዘሮ አባይነሽ ጉትቻ ነው የወጣው።

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። እታገኘሁ ክሮቹን በመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረች።

«ይኸኛው የጎበሳ ነው፣ ይኸኛው የዴራ፣ ይኸኛው የእኔ። ልከራከር አልመጣሁም ጌታዬ፤ እርስዎ ያስረዱኝ።»

«ምንድን ነው ይኼ? መተት ነው?» አለ ግዛቸው።

«ዋጋ ነው። እኔ የታመምኩ ሰው ነኝ፤ ቁስል አለብኝ።»

«የታመመ ሰው ጉትቻ አያደርግም። ተኳኩለሽ መጥተሽ ቆዳዬን አሳጥሩልኝ አልሽ፤ ጻፍኩ። መዝገብ ደግሞ አይሰረዝም።»

«ጉትቻው የሰው ነው» አልኩ እኔ። «ያደረግሁላት እኔ ነኝ። እናንተን ለማክበር ነው።»

«ታዲያ አንቺው ክፈይላታ!» ብሎ ክሮቹን በክርኑ ጠረጋቸው፤ መሬት ወደቁ። ሰልፉ ሳቀ። ታሞ የመጣ ሰው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱም በዚያው መስኮት የሚቆም ሰው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እስከ ዛሬ ከግዛቸው ይልቅ የሚያቃጥለኝ ይህ ሳቅ ነው። እታገኘሁ ጎንበስ ብላ ክሮቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው።

«ሞኝ አትሁኚ» አሏት ወይዘሮ አባይነሽ ማታውን። «ሌላ ስም አውጪ፣ ቡትቶ ልበሺ፣ ከሽርካ ገጠር ነው የመጣሁት በይ። ሁለት ብር ከፍለሽ ሁለቱንም ክንድ ታሠሪያለሽ።» የተቀደደ ቀሚስ ፈልገው አመጡና አመድ ነሰነሱበት። እኔም «ልበሺው» አልኳት። ለበሰችው፤ እስከ ግቢው በር ሄደችና ቆመች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና አወለቀችው።

«ተስቦ ያላቆሸሸኝን ለግዛቸው ብዬ አልቆሽሽም» አለች።

ተናደድኩባት። እንዲህ ያለ ኩራት ለባለጸጋ ነው እንጂ ለሹሩባ ሠሪ አይሆንም ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኳት። አሁን ሳስበው ያበሳጨኝ ኩራቷ አልነበረም። እኔ ብሆን እለብሰው ስለነበር ነው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ሠራች። ከቤቷ ጣሪያ ወራጅ እንጨት ላይ ሁለት የጨርቅ ቀለበቶች አንጠልጥላ ክርኗን እዚያ ውስጥ ታሳርፋለች፤ እንዲህ ሲሆን ቆዳው ከቆዳ ጋር አይፋተግም። ያያት ሁሉ ግራ ይገባው ነበር። የብር መስቀሏን ሸጠች፤ ምሳ መብላት ተወች። በመጋቢት 1950 ዓ.ም. ስድሳ ብር ሞላላት። የአንድ ክንድ ዋጋ ነው። ቀኙ ይቅደም አለች፤ ጉንጉኑን የሚያጠብቀው እሱ ነውና።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክሩ ሲወጣላት አብሬያት ነበርኩ። ዶክተሩ ቀኙን ዳስሶ ደስ አለው፤ ከዚያ ግራዋ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አየና ፈታው። ቁስሉን ሲያይ ለየሺሃረግ በቋንቋው አንድ ነገር አላት።

«‹ይህን ለምን አልነገርሽኝም? ሁለቱን በአንድ ቀን እሠራልሽ ነበር› ይላል» አለች የሺሃረግ።

«ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የበቃው በይልኝ።»

ነርሷ ስትተረጉምለት ዶክተሩ ግንባሩን ቋጠረ።

«‹የምን ገንዘብ?› ይላል።» የነርሷ ድምፅ ተለወጠ። «‹ይህ ቁስል ነው፣ በካርድ የሚታከም ነው፤ ቀኙም ቁስል ነበር› ይላል።»

መዝገቡ መጣ። ዶክተሩ ምን እንደተጻፈ ሲነገረው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ግዛቸውን አስጠርቶ ጮኸበት። መዝገቡ እንዲታረም፣ ስድሳ ብሩ እንዲመለስላት፣ ግራው ክንድ ሐሙስ በካርድ እንዲሠራላት አዘዘ። ቅዳሜ ለዕረፍት ወደ አገሩ ስለሚሄድ ከሐሙስ እንዳያልፍ አለ። እታገኘሁ ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ወደ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ማክሰኞ ግዛቸው አስጠራን። ወንበር ሰጠን። ወረቀት አዘጋጅቶ፣ የጣት አሻራ ቀለም ከፍቶ ነበር የጠበቀን።

«እዚህ ላይ አውራ ጣትሽን አሳርፊ» አላት፤ ድምፁ ማር ሆኗል። «መዝገቡ ይታረማል፣ ብርሽን ትወስጃለሽ፣ ሐሙስ ትገቢያለሽ።»

እታገኘሁ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል አመነታችና ወደ እኔ ዞረች። «ወይንሸት፣ ምን ይላል?»

አነበብኩላት። «እኔ እታገኘሁ ገብረወልድ፣ ሕመም ሳይኖርብኝ መልኬን ለማሳመር በማሰብ፣ ተኳኩዬ ቀርቤ የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ ያሳሳትኩ መሆኔን አምኜ፣ ስለ ጥፋቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ያሳሳትኩት እኔ ነኝ?» አለች።

«ወረቀት ነው፤ ማን ያነበዋል?» አለ ግዛቸው። «መዝገብ ያለ ምክንያት አይታረምም። አንድ ሰው መሳሳት አለበት።»

«እርስዎ ተሳስተው ቢሆንስ?»

ግዛቸው ቀለሙን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

አሁን የማፍርበትን ነገር የተናገርኩት ያኔ ነው። «ፈርሚ እትዬ እታገኘሁ» አልኳት። «ስለ ወረቀቱ ምን አገባሽ? ክንድሽ ይበልጣል።»

አየችኝ። ቀለም የነካውን ጣቷንም አየችው። ከዚያ ቀኝ ክንዷ ላይ በነበረው ፋሻ ጠረገችው።

«ታምሜ ነው የመጣሁት» አለች። «ይህን ካመንኩ ቁስሌም ውሸት ነበር ማለት ነው። እኔ አልዋሸሁም።» ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ዶክተሩን ለማግኘት ረቡዕም ሐሙስም ሄድን። ካልፈረመች አትገባም ተብሏል ብሎ ዘበኛው በሩ ላይ ከለከለን። የሺሃረግ ገብታ ነግራዋለች። እሱ ግን ዕቃውን እያሸገ «የመዝገብ ቤቱ ሥርዓት ከሆነ ትፈርም» ብሎ መለሰላት። ወረቀቱ ምን እንደሚል አልጠየቀም። አንድ ጊዜ ጮኾ ሕሊናውን አሳረፈ፤ ቅዳሜ ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል ተባለ፤ አልተመለሰም። ከእሱ በኋላም መጋዘኑ ቆዳ የሚሰፋ ሐኪም አላገኘም።

እኔ አቤቱታ ጻፍኩ፤ ቴምብር ለጥፌ ለበላይ ሹሞች ላክሁ። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ፦ «ባለጉዳይዋ እንድትታከም ተፈቅዶላት ሳለ በራሷ ፈቃድ ለመፈረም እምቢ ያለች መሆኗ ስለ ተረጋገጠ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።» ስድሳ ብሯም አብሮ ተዘጋ። ግዛቸው በሚቀጥለው ዓመት የደረጃ ዕድገት አግኝቶ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ የሸኙት ሰዎች በግ አርደውለታል። የአሰላ ሰውም ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለቅሞ ያስቀረው «ለውበት ብላ» የምትለዋን ብቻ ነው።

እታገኘሁ ወደ ሁሩታ አልተመለሰችም። በቀኟ ትሠራለች፤ ግራዋን ከወራጁ በወረደው ቀለበት ውስጥ አሳርፋ፣ ጨርቁን በቀን ሦስት ጊዜ እየቀየረች ትሠራለች። ድሮ በቀን አምስት ራስ ትሠራ ነበር፤ ዛሬ ከሁለት አያልፍላትም። ምሳ መብላት እንደተወች ቀረች።

ባለፈው ሳምንት ልትሠራኝ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ታጥቦ የተሰጣው ጨርቅ ስላልደረቀላት ግራ ክንዷ አልተጠቀለለም፤ ከቀለበቱ ሲንሸራተት ቆዳው ጉንጬ ላይ አረፈ። እንደ ልማዷ ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገችውና «ይቅርታ» አለችኝ። እኔ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ክንዷን ያዝኩና ወደነበረበት መለስኩት። ሹሩባው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ጉንጬ ላይ ቆየ፤ እኔም አንገቴን አላሸሸሁም።